ፉላ በሾላ ገበያ፦ የሚሰበሰቡ አሻንጉሊቶች ጥቅማቸውና ጉድለታቸው



ዒድ ሲቃረብ ሾላ ገበያ ይጠባል። እናቶች ሽንኩርቱን፣ በርበሬውንና ቅቤውን ካሟሉ በኋላ ወደ ልብስ ተራው ይዞራሉ። ከልብሱ ቀጥሎ ደግሞ ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግድ የሚቆምበት ቦታ አለ፤ እሱም መጫወቻ የተንጠለጠለበት ሱቅ ነው። ከሸራው ሥር ቀይና ሰማያዊ የለበሰው ስፓይደርማን፣ አረንጓዴ ሰዓት ያሰረው ቤን ቴን፣ ፀጉረ ረጅሟ የባርቢ አምሳያ በገመድ ተሰቅለው ይታያሉ። አልፎ አልፎም ሒጃብ የለበሰች አሻንጉሊት ትገኛለች። ይህች ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደየቤቱ የምትገባው ከሱቅ ሳይሆን ከጂዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ በተመለሰች አክስት ሻንጣ ነው። ስሟ ፉላ ይባላል።

ስለ አሻንጉሊት ይህን ያህል ገጽ መፍጀት ለምን አስፈለገ የሚለን አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኛ በመደበኛ ትምህርት ቤትም በመድረሳም ልጆችን የምናስተምር እንደመሆናችን መጠን ከወላጆች ደጋግመው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ሆኖ ስላገኘነው ነው። አንዳንዱ አባት «ኡስታዝ፣ አሻንጉሊት መግዛት ሐራም ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» ይላል። አንዳንዷ እናት ደግሞ «የጎረቤታችን ልጅ ሦስት አላት፤ የኔዋ የገዛሁላትን አንዷን ጥላ ሌላ አምጪ እያለች ታለቅሳለች፣ ምን ላድርጋት?» ትላለች። የመጀመሪያውን ጥያቄ ዑለማዎቻችን ከጥንት ጀምሮ አንስተው መልሰውታል። ሁለተኛው ግን የልጅ ነገር እየተባለ ይታለፋል። በእኛ እምነት ከሁለቱ የከበደው ይኸኛው ነው።

አንዱ ሲገዛ ሌላው የሚጎድልበት ገበያ

ቀደም ባለው ጊዜ አሻንጉሊት ማለት አንድ አሻንጉሊት ማለት ነበር። እናት ከአሮጌ ነጠላ ቀዳ፣ ጥጥ ሞልታ፣ በክር ዓይን አውጥታ ትሰጣለች፤ ልጅቷም እስኪበጣጠስ ድረስ ታዝላታለች። ዛሬ በዓለም ገበያ ስም ያወጡት አሻንጉሊቶች ግን ተከታታይ ናቸው። አንዷ ስትገዛ እህቷ፣ ልብሷ፣ ቤቷ፣ መኪናዋ ይቀራል። ነጋዴዎች ይህን ዘዴ መላጫውን በርካሽ ሸጦ በምላጩ ከመክበር ጋር ያመሳስሉታል።

ባርቢን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1959 ለገበያ ያቀረበችው የማቴል ኩባንያ መሥራች ሩት ሃንድለር ናት። ቅርጿ የተወሰደው ሊሊ ከተባለች፣ በመጀመሪያ ለአዋቂዎች ትሸጥ ከነበረች የጀርመን አሻንጉሊት ነው። ይህን ማወቅ ለወላጅ አይከፋም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ ሃዝብሮ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ጂ አይ ጆ የሚባለውን ወታደር አወጣ። ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት አይጫወትም የሚሉ አባቶች እንዳይሸሹ ተፈርቶ «አሻንጉሊት» የሚለው ቃል እንዲቀር ተደረገና የጀግና፣ የተንቀሳቃሽ ሰው ምስል ተብሎ ተሸጠ። ነገሩ ግን ያው ነበር፤ ወታደሩ ተሸጦ ሲያበቃ የደንብ ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ጂፑ ለየብቻ ይሸጣል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የ1977ቱ ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ስታር ዋርስ የተባለው ፊልም ወጥቶ ሕፃናቱ ሁሉ የፊልሙን ሰዎች በአሻንጉሊት እንፈልጋለን አሉ። ኬነር የተባለው አምራች ለፈረንጆቹ የገና ገበያ ማድረስ አልቻለም። ታዲያ ምን አደረገ? ካርቶን ሸጠ! ወላጆች ገንዘብ ከፍለው የገዙት በውስጡ አሻንጉሊት የሌለበት፣ አራት አሻንጉሊቶች በሚቀጥለው ዓመት በፖስታ እንደሚላኩ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለበት ካርቶን ነበር። ካርቶኑም ተሸጠ። ኩባንያዎች ልጁ የሚገዛው መጫወቻውን ሳይሆን ምኞቱን መሆኑን ከዚያ ወዲህ በሚገባ አወቁት። በ1982 ማቴል ሂ ማን የተባለውን ጡንቸኛ ጀግና ሲያወጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ቀድሞ ፊልም ይሠራና አሻንጉሊቱ ይከተል ነበር፤ አሁን አሻንጉሊቱ ቀድሞ ወጣና የቴሌቪዥን ፊልሙ በ1983 ተከተለው።

የእኛ ልጆች ቦርሳ ላይ ሳይቀር የምናየው ቤን ቴንም የዚሁ ዘር ነው። በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ2005 መጨረሻ ነው። ልጁ በእጁ ያሰረው ሰዓት ወደ አሥር ልዩ ልዩ ፍጡራን ይለውጠዋል። እንግዲህ አንዱን የገዛ ልጅ ዘጠኝ ይጎድለዋል ማለት ነው።

መሰብሰብ በራሱ ክፉ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። የአዲስ አበባ ልጅ ቆርኪ ሲለቅም፣ ብይ ሲያጠራቅም ኖሯል። (ብይ በ«ምር» ሲሆን ኡስታዞች የሚቆጡት ወደ ቁማር ስለሚቀርብ እንጂ ብዩ ጠልቷቸው አይደለም።) ቆርኪ ግን ከመንገድ ይገኛል። የደሃም ልጅ፣ የሀብታምም ልጅ እኩል ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል። ቆርኪ ያነሰው ልጅ አባቱን የሚያሳቅቅበት ምክንያት አልነበረም።

ፉላ ከየት መጣች?

ሙስሊሞች ለባርቢ ምላሽ ለመስጠት ያደረጉት ሙከራ በፉላ አልተጀመረም። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት አማር ሰዓደህ የተባሉ ሙስሊምና ኑርአርት የተባለው ድርጅታቸው ረዛን የምትባል አሻንጉሊት አዘጋጅተዋል። ረዛን ሰውነቷ የትንሽ ልጅ ነው። ነጭ፣ የወይራ መልክ ያላት እና ጥቁር ሆና በሦስት ዓይነት ቀርባለች። በኢራን ደግሞ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የሚሠራ የሕፃናት ተቋም በ2002 ሳራና ዳራ የተባሉ የስምንት ዓመት መንትዮችን ለገበያ አቀረበ። በ2003 የሳዑዲ ዐረቢያ የሃይማኖት ፖሊስ ባርቢን ለሥነ ምግባር አስጊ ናት ብሎ አስጠነቀቀ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፉላ ብቅ አለች። ያወጣት በሶሪያና በዱባይ የሚንቀሳቀሰው ኒውቦይ የተባለ ኩባንያ ነው። ፉላ በሻም አገር የሚታወቅ፣ ከጃስሚን ወገን የሆነ መልካም መዓዛ ያለው አበባ ስም ነው። ዓይኗ ቡናማ፣ ፀጉሯ ጥቁር ሲሆን ቁመቷ ልክ እንደ ባርቢ 29 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሳጥኗ ስትወጣ ጥቁር ዐባያና ሻርፕ ለብሳ ነው። አለባበስ ላላ በሚልባቸው አገሮች ደግሞ ደመቅ ያለ ቀለም ያለው ረጅም ኮትና ነጭ ሻርፕ ታደርጋለች። ባርቢ ኬን የሚባል የወንድ ጓደኛ እንዳላት ይታወቃል። ፉላ የላትም፤ ያሏት ያስሚንና ነዳ የሚባሉ ጓደኞች ናቸው። ከእሷም ጋር የልጅ መስገጃ፣ ጃንጥላ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳና ደብተር፣ ብስክሌት ሳይቀር ስሟን ይዘው ወጡ።

የፉላ ጥንካሬ

መቼም ሥራውን ላለማመስገን ንፉግ መሆን ያስፈልጋል። አንዲት የስድስት ዓመት ሙስሊም ልጅ በቴሌቪዥን፣ በመጽሐፍ ሽፋን፣ በቦርሳዋ ላይ የምታየው ሴት ሁሉ እናቷን የማትመስል ከሆነ ከጊዜ በኋላ እናቷን እንደ ጉድለት መቁጠሯ አይቀርም። ፉላ ይህን ሰብራለች። ልጅቷ በእጇ የያዘቻት፣ በሁሉም ዘንድ ቆንጆ የተባለች አሻንጉሊት ስትወጣ ሻርፗን ታደርጋለች፣ ቤት ስትገባ ታወልቃለች፣ ሰዓቱ ሲደርስ መስገጃ ይነጠፍላታል። ሐኪሟ ፉላና መምህርቷ ፉላም ተሠርተዋል። ሒጃብ ለብሶ ሐኪም መሆን ይቻላል የሚለውን ትምህርት በቃል ለማስረዳት የሚደክም አስተማሪ የዚህች አሻንጉሊት ዋጋ ይገባዋል። በእኛው አገር፣ በ2017 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በአክሱም ከተማ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታቸው ተስተጓጉለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስከ መድረስ እንደደረሰ የሚያስታውስ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር አያየውም።

ሌላው ጥንካሬዋ የጨዋታው ይዘት ነው። በማስታወቂያዎቿ ላይ ፉላ ፈጅርን ስትሰግድ፣ ለጓደኛዋ ኬክ ስትጋግር፣ ከመተኛቷ በፊት መጽሐፍ ስታነብ ትታያለች። የጀግና ተብዬዎቹን አሻንጉሊቶች ስንመለከት ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፤ መማታት። የፉላን ጨዋታ የያዘች ልጅ ግን ቤት ታስተዳድራለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፣ ታማሚ ትጠይቃለች።

ገበያውም መልሱን ሰጥቷል። ማቴል ራሱ በ2017 መጨረሻ ሒጃብ ያደረገች ባርቢ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ምሳሌ የተደረገችው በ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ በሴቶች የሳበር ውድድር ከቡድኗ ጋር የነሐስ ሜዳልያ ያገኘችው አሜሪካዊቷ ሙስሊም ኢብቲሃጅ ሙሐመድ ናት። ከባርቢ ሸሽተን ፉላን ስንገዛ፣ ባርቢ ደግሞ ፉላን መስላ መጣች!

የፉላ ድክመት

ፉላ ልብሷን ለወጠች እንጂ ገበያዋን አልለወጠችም። ዋናው ቅሬታችን ይህ ነው።

ዐባያዋን ስናወልቀው በውስጡ የምናገኘው ሰውነት ከባርቢ ብዙም አይርቅም። እግሯ የረዘመ፣ ወገቧ የቀጠነ ነው። በ2006 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 8 ዓመት የሆኑ 162 ልጃገረዶች ተፈትነው የባርቢን ሥዕል ያዩት ትንንሾቹ ልጆች በገዛ ሰውነታቸው ያላቸው ደስታ ቀንሶ ተገኝቷል። ሰባትና ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላት «ወፍራም ነኝ» የምትል ልጅ ከወዴት አመጣችው ብለን ስንጠይቅ መልሱ አንዳንድ ጊዜ አልጋዋ ላይ ተኝቷል።

መልኳም አለ። ፉላ ለሻምና ለባሕረ ሰላጤው ልጆች የተሠራች ስለሆነች ቀይ ዳማ፣ ፀጉሯ የተዘረጋ ነው። በዚህ አንወቅሳትም፤ የተሠራችላቸውን ልጆች መስላለች። ነገር ግን የየካ፣ የወሎ፣ የአፋር ወይም የጅማ ልጅ «ጥሩ ሙስሊም ማለት ይህች ናት» ተብላ ስትሰጣት ከሒጃቡ ጋር ቆዳውንም አብራ ትማራለች። ይህ ግምት አይደለም። በ1940ዎቹ ኬኔት ክላርክና ባለቤቱ ሜሚ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ጥቁር ልጆች ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት አቅርበው «ጥሩዋ የትኛዋ ናት?» ብለው ጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ያነሱት ነጯን ነው። ይህ ጥናት በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች የነበረውን የዘር ልዩነት ሕገ ወጥ ባለ ጊዜ ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። ቢላልን (ረ.ዐ) ያበቀለች ምድር ልጆች ከዚህ ፈተና ነፃ ናቸው የሚል ካለ በሠፈሩ ያሉትን ሕፃናት ሁለት አሻንጉሊት ይዞ ይጠይቃቸው።

በዚህ ረገድ ብዙም ያልታወቀችው ረዛን ትሻላለች። ሦስት መልክ አላት፣ ሰውነቷም የልጅ ነው። ይሁን እንጂ በቴሌቪዥን ፉላን ያህል አልተወራላትም፤ በእኛም አገር ስሟን የሚያውቅ ከስንት አንድ ነው።

ከዚያ ዋጋው ይመጣል። በ2005 ደማስቆ ላይ አንዲት ፉላ 16 ዶላር ገደማ ትሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ በሶሪያ የአንድ ሰው ወርሃዊ ገቢ በአማካይ ከ100 ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር። አንድ አባት ከወር ገቢው ስድስት እጅ አንዱን ለአንዲት አሻንጉሊት ከፈለ ማለት ነው። ከፈለ ስንል ደግሞ ጨረሰ ማለታችን አይደለም። የቤት ውስጥ ልብሷ፣ ጓደኛዋ ያስሚን፣ ቦርሳዋ ገና ይቀራሉ። ስለ ቁጥብነት የምናስተምራት ልጅ ከእኛ አንደበት የምትሰማው ሌላ፣ ከአሻንጉሊቷ ሳጥን ጀርባ ካሉት ሥዕሎች የምታነበው ሌላ ይሆናል። አላህ (ሱ.ወ) አባካኞችን እንደማይወድ በመድረሳ የቀራች ልጅ ዐባያ የለበሰች አባካኝ ስትሰጣት ግራ ብትጋባ አይፈረድባትም።

ማስታወቂያውም የሚመጣው በዲሽ ነው። በአዲስ አበባ በብዙ ሙስሊም ቤቶች ልጆች ዐረብኛ ይለምዱ ተብሎ የዐረብ የሕፃናት ጣቢያዎች ሲከፈቱ ይውላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ማስታወቂያ ሊሸጥለት የመጣ መሆኑን በውል አይለይም፤ እንደ እውነተኛ ወሬ ይቀበለዋል። ስዊድን ከ1991 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ወደሆኑ ልጆች ያነጣጠረ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የከለከለችው በዚህ ሳቢያ ነው። በእኛ ቤት ከልካዩ ቴሌቪዥኑን የሚዘጋው ሰው ብቻ ነው።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ወደ አባቶች ጥያቄ እንመለስ። ነፍስ ያለውን ነገር ምስል መሥራት በኢስላም የተወገዘ መሆኑ በብዙ ሐዲሶች ተረጋግጧል። የልጆች መጫወቻ ግን ለየት ያለ ታሪክ አለው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት በአሻንጉሊቶች ትጫወት ነበር። ጓደኞቿም እየመጡ አብረዋት ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲገቡ ልጆቹ አፍረው ሲሸሸጉ እሳቸው ራሳቸው ወደ እሷ ይልኳቸው ነበር። አቡ ዳውድ በዘገቡት ደግሞ ከዘመቻ ሲመለሱ ነፋስ መጋረጃውን ገልጦ አሻንጉሊቶቿን አዩ። ከመካከላቸው ከጨርቅ ቁራጭ የተሠሩ ሁለት ክንፎች ያሉት ፈረስ ነበር። ፈረስ እንዴት ክንፍ ይኖረዋል ብለው ሲጠይቋት የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን ብላ መለሰች። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) ደግሞ በዓሹራ ቀን ልጆቻቸውን ሲያስጾሙ ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው እንደነበርና ልጁ ለምግብ ሲያለቅስ እስከ ማፍጠሪያ ድረስ በእሱ ያባብሉት እንደነበር ተናግረዋል። ልብ በሉ፣ ይሠሩላቸው ነበር።

ቃዲ ዒያድ ይህን ይዘው የልጃገረዶች አሻንጉሊት ከተከለከለው ምስል የተለየ እንደሆነ፣ ምክንያቱም ልጅቷን ከትንሽነቷ ቤትና ልጅ መያዝን ስለሚያለማምዳት መሆኑን ገልጸዋል፤ ኢማም ነወዊም በሙስሊም ሸርሓቸው ጠቅሰውላቸዋል። አብዛኞቹ ዑለማዎች መሸጥ መግዛቱንም ፈቅደዋል። ኢማም ማሊክ ግን መግዛቱን ይጠሉ እንደነበር ተዘግቧል። ፈቃዱ በኋላ ተሽሯል ያሉ ዑለማዎችም አሉ። በዘመናችን ደግሞ ከጥጥና ከጨርቅ የተሠራውን ፈቅደው፣ ዓይኑ ቅንድቡ ሳይቀር ሰው መስሎ የተቀረጸውን የፕላስቲክ አሻንጉሊት በጥርጣሬ የሚመለከቱ አሉ። ዝርዝሩን የሚፈልግ በመስጂዱ ያሉትን ዓሊም ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ለወጣቶች የምንለው አለን። የፈቃዱ መሠረት ጨዋታና የልጅ አስተዳደግ ነው። እንግዲህ ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ የጀግኖችን ምስል እየገዛ፣ ሳጥኑ ካልተከፈተ ዋጋው ይጨምራል በሚል ሳይነካው በመደርደሪያ ላይ ቢደረድረው የትኛውን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ሐዲስ ማስረጃ ያደርጋል? ማንም አይጫወትበትም፣ ማንም አይማርበትም። በቤት ውስጥ የቆመ ምስል ነው። በውጭ አገር ያሉ ወንድሞቻችን ይህ ልማድ በትልልቅ ሰዎች ዘንድ እንደ ቁም ነገር እንደሚታይ ያውቃሉ፤ ወደ እኛም እየመጣ ነው። የሚሰበሰብ አሻንጉሊት ትልቁ ድክመት በዚህ ግልጽ ይሆናል፤ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የሚያወጣው ልጅ ያልተጫወተበት ነው።

የሾላው ስፓይደርማን

በሾላ ከሚሸጡት የጀግና አሻንጉሊቶች የብዙዎቹ ሳጥን ላይ የአምራቹ ስም የለም። ከዋናው ተኮርጀው የተሠሩ ናቸው። ርካሽነታቸው አንድ ጥቅም ነው፤ ልጁም ክንዱ ቢወልቅ አያዝንም፣ በክር አስሮ ያስኬደዋል። ችግሩ ሌላ ነው። አውሮፓውያን በ2005 ባወጡት መመሪያ ፕላስቲክን የሚያለሰልሱ አንዳንድ ኬሚካሎች በልጆች መጫወቻ ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይገኙ አግደዋል። በ2007 ደግሞ ማቴልን የሚያህል ኩባንያ በአንድ ወር ውስጥ ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጉ ትንንሽ ማግኔት ያለባቸውን መጫወቻዎች ከገበያ ሰብስቧል፤ ልጅ ማግኔቶቹን ቢውጥ አንጀቱ ውስጥ ተሳስበው ይጎዱታል ተብሎ ነው። ቀለማቸው እርሳስ የተገኘባቸው መኪናዎችም ነበሩ። ስሙ የታወቀው ይህን ካደረገ ስም የሌለው ምን ሊይዝ እንደሚችል ወላጅ ያስብ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱት። የሚያፍን የኬሚካል ሽታ ካለው ተዉት። ቀለሙን በጥፍር ፋቅ አድርጉ፤ የሚላጥ ከሆነ የልጁ አፍ ውስጥም ይላጣል። ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ያላችሁ ደግሞ የመጸዳጃ ሶፍት ውስጠኛ ካርቶን ቤት ውስጥ አስቀምጡ፤ በካርቶኑ ቀዳዳ የሚያልፍ የመጫወቻ አካል ሁሉ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ሰይፉ፣ ጋሻው፣ የፉላ ጫማ ሳይቀር በዚያ ያልፋል። ሕፃን ላለበት ቤት የትልቋ ልጅ አሻንጉሊት ጫማ ከአሻንጉሊቷ ይልቅ አሳሳቢ ነው።

የእኛስ?

አንዳንድ ወላጆች ታዲያ ለምን የራሳችን የለንም ይላሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። በናይጄሪያ ታውፊክ ኦኮያ የተባሉ ሰው በ2007 የአፍሪካ ንግሥቶች የሚባሉ አሻንጉሊቶችን አውጥተው የኢግቦን፣ የዮሩባንና የሐውሳን ሴት መልክና ልብስ አሳይተዋል። መጀመሪያ ወፈር ያሉ አሻንጉሊቶች ሠርተው ነበር። የጠሉት ፈረንጆች ሳይሆኑ የናይጄሪያ ልጆች ራሳቸው ናቸውና ቀጭን አድርገው ለመሥራት ተገደዋል። የልጅ ዓይን አንዴ ከለመደ እንዲህ ያስቸግራል።

በአገራችንም መንገዱ አለ። መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያቀረቡት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሕፃናት ፕሮግራም ዋና ባለታሪክ አንዲት የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ከካልሲ ተነሥቶ የተሠራ ሥራ በ2008 በጃፓን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ልጆቻችን ፀሐይን የወደዷት እጅ መታጠብንና ፊደልን ስላስተማረቻቸው ነው፤ ቀጣዩን ግዙ ስላለቻቸው አይደለም። በዚሁ መልክ የሐረሪዋን፣ የወሎዋን፣ የስልጤዋን፣ የአፋሯን፣ የሶማሌዋን ልጅ በየልብሷና በየሻርፗ አስተሳሰር የሚያሳይ የጨርቅ አሻንጉሊት ቢሠራ ገዢ አያጣም። እኛ የምንመክረው ግን ተከታታይ ተደርጎ ሳጥን ጀርባ ላይ የሌሎቹ ሥዕል እንዳይለጠፍ ነው። አንዷን የገዛ ልጅ ሙሉ አሻንጉሊት ይያዝ።

እስከዚያው ድረስ በሾላ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይገኛል፤ ለልጅ መጫወቻ ነው ሲባሉ ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ጥጡ ከአሮጌ ትራስ ይወጣል። በዕረፍት ቀን ሴቶቹም ወንዶቹም ልጆች ከእናታቸው ጋር ተቀምጠው ሲሰፉ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ መርፌውን ለትንንሾቹ እናትየው ትያዝላቸው። ለወንዶቹ ክንፍ ያለው ፈረስ ይሠራላቸው፣ ታሪኩም እየተሰፋ ይነገራቸው። ፊቱን በክር ከማውጣት የሚቆጠብ ቤተሰብ ባዶውን ይተወው፤ ልጅ እንደሆነ ዓይኑን ራሱ ያየዋል። አንድ ስንዝር ተኩል ለምትሆን አሻንጉሊት ከአንድ መሐረብ ሁለት ሻርፕ ይወጣል፤ አንዱ ለጎረቤት ልጅ አሻንጉሊት ይሆናል።